ቦራ እልልታ ሲሰማ

ባለፈው ጥር የልጅ ልጄ ህሊና ተዳረች። ሙሽራዋን የያዘው መኪና ከበራችን ተነሥቶ ወደ ዋናው መንገድ ሲወጣ፣ አጃቢዎቿ በመስኮት እስከ ወገባቸው ወጥተው እልልታውን አቀለጡት። ወፍጮ ቤቱ መታጠፊያ ላይ አሸዋ የጫነ የጋሪ ፈረስ ቆሞ ነበር። ድምፁን ሲሰማ ደነበረ፤ ጆሮዎቹን ቀሰረ፣ ጋሪው ወደ ኋላ ተንሸራተተ፣ ባለጋሪው ዘሎ ልጓሙን ያዘ። ሰው ሁሉ ሙሽራዋን ሲያይ እኔ ያን ፈረስ ነበር የማየው። የላብና የጠፍር ሽታው አፍንጫዬ ድረስ መጣ። እጄም ሳላዘው ወደ ነጠላዬ ጫፍ ሄዶ ቋጠሮ ፈለገ። ልጄ ስመኝ፣ የሙሽራዋ እናት፣ አጠገቤ ቆማ ታለቅስ ነበር፤ እጄን አየችና እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች።

«እማዬ፣ ገብሱን ነው?» አለችኝ።

«ምን ላድርግ፣ እጄ አልረሳም» አልኳት።

ዙሪያችን የቆሙት ምን እንደሚያስቀን ግራ ገባቸው። ልነግራቸው ፈልጌ ነበር፤ ግን ነገሩ ረጅም ነው፣ በዚያ ላይ ዳሱ ውስጥ እንግዳ ይጠብቀኝ ነበር። እዚህ ብጽፈው ይሻላል።

ስመኝ ስትዳር እንዲህ ያለ መኪና የት ነበረና። ዘመኑን በዓመተ ምሕረት አልቆጥረውም፤ መንግሥት ተለውጦ፣ ተኩስ መስማት ቀርቶ፣ ሰው ያለ ሥጋት ገበያ ውሎ መግባት የለመደበት ጊዜ ነው። ደብረ ታቦር ያኔ አስፋልት አልነበራትም። በክረምት ጭቃው ኮንጎ ጫማን ከእግር ላይ መንጭቆ ያስቀር ነበር፤ በበጋ ደግሞ አቧራው መንገድ ዳር ያለውን ባሕር ዛፍ አመድ ያስመስለዋል። ከገበያው ማዶ ባለው ጥግ ፎቶ ቤት ነበር፤ ግድግዳው ላይ ፏፏቴና ነጫጭ ርግቦች ተሥለውበት፣ በዚያ ዘመን የተሞሸረ የከተማው ሰው ሁሉ ከዚያ ፏፏቴ ሥር ቆሟል። ከፎቶ ቤቱ ቀጥሎ ካሴት ሻጭ ልጅ ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ ቴፑን ወደ መንገድ አዙሮ ያዘፍነዋል። ባትሪው ሲደክም ዘፋኙም አብሮ ይደክምና ድምፁ እንደ ታማሚ ይጎተታል፤ ልጁ ባትሪዎቹን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ይደረድራቸዋል፤ ሲሞቁ ዘፋኙ ይድናል። ለስመኝ ሻሽና የፀጉር ቅባት የገዛሁት ከዚያው አጠገብ ነው፤ ዛሬ ለባጃጅ በምንከፍለው ሒሳብ ሁለቱንም ገዝቼ፣ ሽቶ ጨምሬ፣ መልስ ተቀብያለሁ። አሁን በዚያ ጥግ የስልክ መጠገኛ ቤት አለ። ፏፏቴው ላይ ቀለም ተቀብቶበታል ይላሉ፤ እኔ ግን ባለፍኩ ቁጥር ውኃው የሚሰማኝ ይመስለኛል።

እኔ ፈሪ እናት ነኝ። ስመኝ ልጅ ሳለች የውኃ ጉድጓዳችን ላይ ክዳን፣ በክዳኑ ላይ ድንጋይ፣ በድንጋዩ ላይ ደግሞ እኔ ራሴ እቀመጥ ነበር ይላል ባለቤቴ። እሱ ሲያወራ ያጋንናል፤ ድንጋዩ ድረስ ያለው ግን እውነት ነው። ከሁሉ በላይ የምፈራው ፈረስን ነበር፤ የምፈራውም ስለማላውቀው ሳይሆን ስለማውቀው ነው። አባቴ ገሳይ በሚባል አገር ፈረስ ያረቡ ነበር። ትምህርት ቤት የሄድኩት አራት ዓመት ብቻ ነው፤ የዚያን ጊዜ ከተማርኩት ብዙው ጠፍቶብኛል፣ አባቴ ስለ ፈረስ ያሉኝ ግን አንዱም አልጠፋም። «ፈረስ ሳይነግርሽ አይመታሽም፤ የማትሰሚው አንቺ ነሽ» ይሉ ነበር። ጆሮውን ወደ አንገቱ ሲያስተኛ፣ የዓይኑ ነጭ ሲታይ፣ ጅራቱን ዝንብ ሳይኖር ሲያወናጭፍ፣ የኋላ እግሩን ቀለል አድርጎ ሲያነሣ፣ ያ ሁሉ ንግግር ነው። ከኋላው አትምጪ፤ ስትመጪ እያወራሽ ነይ፤ በትከሻው በኩል ቁሚ እንጂ በግንባሩ ፊት አትቁሚ፤ በእሱና በግድግዳ መካከል አትግቢ። ከተቆጣብሽ ደግሞ አትሩጪ፣ አትጩሂበት፣ ዓይኑን ትክ ብለሽ አትዪው፤ እንደ ተሰናባች ቀስ ብለሽ ወደ ጎን ሂጂ። ታስሮ ሲግጥ ካገኘሽው የጋጠውን ሣር እዪ፤ ገመዱ እስከሚደርስበት ድረስ ሣሩ ክብ ሆኖ ይላጫል፤ ከክቡ ውጭ ስትሆኚ የእግዜር ነሽ፣ ከክቡ ውስጥ የፈረሱ።

ስመኝ የወደደችው ልጅ መላኩ ይባላል። ትምህርት ቤት ነው የተዋወቁት፤ እሷ ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላት ሽማግሌ ላከ። ጋፋት አጠገብ ያርሳል፣ ንብም ያነባል፤ ሰው አክባሪ፣ ዝም ያለ ልጅ ነው። ልጁ ላይ አንዲት እንከን አላገኘሁም፤ ፈልጌ ነበር። አባቱ አያ ደምሴ ግን ፈረሰኛ ናቸው። ፈረሳቸው ቦራ ይባላል፤ ቀይ ሆኖ ከግንባሩ እስከ አፍንጫው ነጭ መስመር የወረደለት፣ ደረቱ የቤት በር የሚያህል። በዚያ ቤት ደግሞ ወግ አለ፤ ሌላው ሰው ሙሽራውን በበቅሎ ሲያመጣ፣ የእነሱ ምራት በፈረስ ነው የምትገባ፣ ያውም በቦራ ዘር። የአያ ደምሴ እናት በቦራ ቅድመ አያት፣ ሚስታቸው በአያቱ ገብተዋል። ስመኝ ይህን ስትሰማ ዓይኗ በራ። እኔ መንገዱን ነው ያሰብኩት። ከእኛ ቤት ወደ እነሱ አገር ሲኬድ ኮረብታውን እንደዞሩ ጠባብ መንገድ አለ፤ በአንድ በኩል ገደሉ ቀጥ ብሎ ወደ ወንዙ ይወርዳል፣ በሌላው በኩል ቋጥኝ ነው፤ ሁለት አህያ ጎን ለጎን አያሳልፍም።

በዚያ ዓመት ጥምቀት ዕለት ቦራን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጋልብ አየሁት። ታቦቱ ከጥምቀተ ባሕሩ ተነሥቶ ሴቱ እልል ሲል፣ ፈረሰኞቹ እንደ ልማዱ መጋለብ ይጀምራሉ። ሌሎቹ ጌቶቻቸው እስኪያዟቸው ጠበቁ። ቦራ ግን እልልታው ገና ከመጀመሪያዋ ሴት አፍ ሲወጣ ተፈተለከ። አያ ደምሴ ኮርቻው ላይ ወደ ኋላ ተንጋለው፣ ካባቸው እንደ ጃንጥላ ተነፍቶ፣ ሸንኮራ ሻጮቹን በትነው ሜዳውን አቋርጠው ሄዱ። ልጓሙን ቢስቡት እየባሰበት ከባሕር ዛፉ ውስጥ ገባ። ሲመለሱ ጥምጥማቸው የለም፣ ጉንጫቸው ተቧጥሯል፣ ፊታቸው ግን በደስታ አብርቷል።

«አዩት አይደል፣ የስመኝ እናት?» አሉኝ። «ታቦት አክባሪ ነው። እልልታ ሲሰማ መቆም አይሆንለትም።»

«አያ ደምሴ፣ ሠርግ ላይም እልል ይባላል እኮ» አልኳቸው።

«ታዲያስ! ሙሽራም ያከብራል።»

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኩት። በበቅሎ ይሁን ብለህ ንገራቸው አልኩት። «አንቺ ሴት፣ ሽማግሌ ልከው የለመኑንን ሰዎች ፈረሳችሁ አይረባም ልበላቸው?» አለኝ። ስመኝን ብጠይቃት ባሰች፤ «እማዬ፣ እኔ በቦራ ነው የምገባው፤ ከፈራሽ አትዪኝ» አለች። አለማየት ደግሞ ለእኔ መድኃኒት ሆኖ አያውቅም። ልጄ ፊቷን በካባ ተሸፍና፣ ምንም ሳታይ፣ ሚዜው ደግፏት፣ ያ ፈረስ በዚያ ጠባብ መንገድ ላይ እልልታ ሲሰማ ይታየኝ ጀመር። ጾም ሳይገባ ሠርጉ ሊሆን ነው፤ ያለኝ ጊዜ ያችው ናት።

መጀመሪያ የመጣልኝ እልልታውን ማስቀረት ነበር። ስለዚህ ጎረቤቴ እትዬ ዘውዴ ዘንድ ሄድኩ። እትዬ ዘውዴን የማያውቅ ያገራችን ሰው ያኔ አልነበረም። ቀጭን፣ አጭር ሴት ናቸው፤ ያ ሁሉ ትንፋሽ የት እንደሚቀመጥ እንጃ። እልልታቸው አንዴ ከተነሣ ሌሎቹ ሴቶች ትንፋሽ ወስደው፣ ምራቅ ውጠው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ሲመለሱ እሳቸው ገና የመጀመሪያዋ ላይ ናቸው። ሠርግ ያለበት ሰው ከሥጋው በፊት የሚያስበው እትዬ ዘውዴን ነው።

«እትዬ ዘውዴ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት» አልኳቸው። «የስመኝ ሠርግ ላይ እልልታው ቢቀርልኝ።»

ምስር ይለቅሙ ነበር። ሰፌዱን አስቀመጡት።

«ምን አልሽ?»

«ፈረሱ እልልታ ሲሰማ ያብዳል። ልጄን ገደል ይከትብኛል።»

«እኔን ዝም በይ ማለትሽ ነው?»

«እርስዎ ዝም ካሉ ሌላው ዝም ይላል ብዬ ነው።»

«ልጅሽን በዝምታ የምትድሪ ከሆነ ቄሱን ጥሪና ፍትሐት ይድገሙላት» አሉኝ። «እኔ ያንቺን እናት ሠርግ ያደመቅሁ ሴት ነኝ። ለፈረስ ብዬ አፌን ልዝጋ? ፈረሱ ነው የሚዳረው?»

ሌላም ብዙ አሉኝ፤ ምስሩንም ከእኔ ጋር አብረው ሲለቅሙት ዋሉ። እሺ ግን አላሉም።

ሁለተኛው የመጣልኝ ሐሳብ ጥጥ ነው። አያ ደምሴ ቦራን የሚያሰማሩት ከወፍጮ ቤቱ በታች ባለው ሜዳ፣ ከወንዙ ዳር ነበር፤ እኔም ወፍጮ ስወርድ አልፍበታለሁ። ጆሮው በጥጥ ቢደፈንስ ብዬ በሰው በኩል ባስጠይቃቸው፣ «ቦራ ሬሳ ነው እንዴ በጥጥ የሚደፈን?» ብለው ላኩብኝ። እኔም አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ፣ ጥጤን በእጄ ይዤ፣ ይቀበል እንደሆን ልየው ብዬ ወደ ሜዳው ወረድኩ። የዚያን ቀን ለጠላው ብቅል የሚሆን ገብስ ሳማርጥ ውዬ፣ ለናሙና ያህል በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ነበር።

ቦራ በችካል ታስሮ ይግጣል። ሣሩ እንደ አባቴ አነጋገር ክብ ሆኖ ተላጭቷል። ከክቡ ውጭ ቆሜ አወራሁት፤ ስለ ስመኝ፣ ስለ ሠርጉ፣ ስለ ጠላው። ጸጥ ብሎ ይሰማኛል። ደፈርኩና በትከሻው በኩል እያወራሁ ገባሁ። ጥጡን የያዘውን እጄን ከፍ ከማድረጌ ጆሮዎቹ ተኙ። የዓይኑ ነጭ ታየ። አባቴ ያሉኝ ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣልኝ፤ ግን እግሬ ከመስማቱ በፊት ፈረሱ አንገቱን መዝዞ ነጠላዬን በጥርሱ ያዘ። ልሮጥ ነበር፤ ብሮጥ በኋላ እግሩ እንደሚያገኘኝ አውቃለሁ። ብጎትት ደግሞ ይብስበታል። ነጠላውን ለቀቅሁለት። ዓይን አፋር እንደሆነች ሙሽራ መሬት መሬቱን እያየሁ፣ «እሺ የኔ ጌታ፣ ያንተ ይሁን፣ ያንተ ይሁን» እያልኩ ወደ ጎን፣ ወደ ጎን ብዬ ከክቡ ወጣሁ። ከወጣሁ በኋላ ሣሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

ቦራ ነጠላዬን አራገፈው። ቋጠሮው ተፈታና ገብሱ ፈሰሰ። አሽትቶ መብላት ጀመረ። በዚህ መካከል ከወንዙ ማዶ ካለ ቤት እልልታ ተሰማ፤ ወንድ ልጅ ተወልዶላቸው ነው፤ እልልታውም የእትዬ ዘውዴ መሆኑን ድፍን አገር ያውቃል። አሁን ችካሉን ነቅሎ ይሄዳል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ቦራ ራሱን ቀና አድርጎ ጆሮውን ቀስሯል፤ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፤ አፉ ግን ያኝካል። አንድ ጊዜ ወደ እልልታው፣ አንድ ጊዜ ወደ ገብሱ አየ። ገብሱን መረጠ።

እዚያው ሣሩ ላይ እንደተቀመጥኩ ምን እንደማደርግ ገባኝ።

ችግሩ እልልታ አለመቻሌ ነው። እንደምንም ብዬ ብሞክር ድምፄ ዶሮ ሲረግጧት የምታወጣው ዓይነት ነው። ስለዚህ እትዬ ዘውዴ ዘንድ ተመለስኩ። ነገሩን ስነግራቸው መጀመሪያ ሳቁብኝ። «ሃምሳ ዓመት ለሙሽራና ለታቦት እልል ያልኩ ሴት፣ ዛሬ ለከብት?» አሉ። ከዚያ «ከተቀበለው ግን ጉድ ነው» አሉና ነጠላቸውን አነሡ። ኩራታቸው ነው የወሰዳቸው፤ የሚያስደነግጥ እልልታቸውን የሚያረጋጋ ሊያደርጉት።

ከዚያ ወዲያ ወፍጮ አዘወተርኩ። ባለቤቴ «ይሄ ሁሉ ዱቄት ለማን ነው?» ይለኛል። እትዬ ዘውዴ ከወንዙ ማዶ ቆመው ቀስ አድርገው ይጀምራሉ፤ እኔ ከክቡ ጠርዝ ላይ ገብስ እበትናለሁ። እልልታው ሲያቆም ገብሱም ያቆማል። ቦራ በመጀመሪያ ገመዱን አስጨነቀው፤ ቀን እየተጨመረ ሲሄድ መንቀጥቀጡ ቀነሰ። እትዬ ዘውዴ ወንዙን ተሻገሩ፤ ቀጥሎ ሜዳው መካከል መጡ፤ በመጨረሻ ከአጠገቤ ቆመው በሙሉ ትንፋሻቸው ለቀቁት። ቦራ ዘወር ብሎ ወደ እኛ መጥቶ፣ ገመዱ እስከቻለለት ድረስ አንገቱን ዘርግቶ በአፍንጫው ፉር አለብን። ጆሮው ወደ ፊት ነበር። እትዬ ዘውዴ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ከምራቴ ይልቅ ይሰማኛል» አሉ።

አንድ ቀን አያ ደምሴ ከኮረብታው ላይ አይተውን ኖሯል። ለሽማግሌዎቹ፣ «የሙሽራዋ ወገኖች ቦራን ከማድነቃቸው ብዛት ሜዳ ድረስ ወርደው እልል ይሉለታል» ብለው አወሩ። እኛም እንዲያ አይደለም አላልንም።

የሠርጉ ዕለት ደረሰ። ቦራ ቀይ ግላስ ለብሶ፣ ቃጭል አንገቱ ላይ ታስሮ፣ ጋማው ተጎንጉኖ መጣ። ዳሳችን ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይሸታል፤ ቴፑ ባትሪ ተቀይሮለት ይጮኻል። ስመኝን ካባ አልብሰው፣ ፊቷን ሸፍነው ኮርቻው ላይ አወጧት፤ ሚዜው ከኋላዋ ሆኖ ያዛት። ሴቶቹ ሁሉ እትዬ ዘውዴን ይጠብቃሉ። እትዬ ዘውዴ እኔን አዩኝ። ራሴን ነቀነቅሁላቸው።

ከታች፣ እንደ ሕፃን ማስተኛ አድርገው ጀመሩት። አያ ደምሴ ልጓሙን በሁለት እጃቸው ጨበጡ፤ ለካ እሳቸውም ፈርተው ኖሯል። እልልታው ከፍ አለ፤ ሌሎቹም ተቀበሉ። ቦራ ጆሮውን ቀሰረ፣ ዞረ፣ አያ ደምሴን ከነልጓማቸው እየጎተተ፣ ሴቶቹን በደረቱ ቀስ አድርጎ እየገፋ፣ ሙሽራዋን እንደተሸከመ ቀጥ ብሎ ወደ እትዬ ዘውዴ ሄደና አፍንጫውን ነጠላቸው ውስጥ ከተተ። እኔ ቋጠሮዬን ፈትቼ በመዳፌ ሰጠሁት። ዳሱ በሳቅ ተናወጠ።

«ምን አስነክታችሁብኝ ነው ፈረሴን?» አሉ አያ ደምሴ።

«ምን እናስነካዋለን፣ አያ ደምሴ» አሉ እትዬ ዘውዴ። «ዕድራችን ገብቷል እንጂ።»

ለሚዜው በኪሱ፣ ለእትዬ ዘውዴ በነጠላቸው ገብስ ሰጠሁና ሸኘኋቸው። እትዬ ዘውዴ ከአጃቢ ሴቶች ጋር ከኋላ ሄዱ። በአገራችን ወግ የሙሽራ እናት ልጇን አትከተልም፤ ቤቷ ቀርታ እንግዳ ታስተናግዳለች። እኔም ከዳሱ ጀርባ ቆሜ፣ እልልታው ኮረብታውን ሲወጣ እሰማለሁ። ቀስ እያለ ይርቃል፣ ቆም ይላል፣ እንደገና ይነሣል። በተነሣ ቁጥር ቦራ ቆሞ ገብስ እየበላ መሆኑን አውቃለሁ። ደስ ብሎኝ ፈገግ ስል፣ አንድ ነገር እንደ ቀዝቃዛ ውኃ ወረደብኝ።

ቦራ እልልታ ሲሰማ ይዞራል። እኛ ነን ያስተማርነው። እትዬ ዘውዴ ከኋላው ናቸው። በዚያ ጠባብ መንገድ ላይ እልል ካሉ፣ ቦራ ገብሱን ፍለጋ ወደ ኋላ ይዞራል፤ እዚያ ላይ ደግሞ መዞሪያ የለም።

ሮጬ አልደርስባቸውም። ሰው ልልክ ዞር ስል እልልታው ተቋረጠ። ጠበቅሁ። አሁን ይነሣል፣ አሁን ይነሣል ብል የለም። ባለቤቴ ጠላ ይዞ መጣ።

«ምን ሆነሽ? ፊትሽ አመድ መስሏል።»

«ዝም አሉ» አልኩት።

«ታዲያ ዝም በሉልኝ ብለሽ አይደል አገሩን ስትለምኚ የከረምሽ?»

በእጄ ወደ ጠባቡ መንገድ አመለከትኩት። እሱም ቀስ እያለ ገባውና ጠላውን ድንጋይ ላይ አስቀመጠው። አጠገቤ ቆመ። ከኋላችን ቴፑ ይዘፍናል፤ «ዝጉት» ብሎ ጮኸ፣ ተዘጋ። ነፋሱና ባሕር ዛፉ ብቻ ቀሩ። በልጄ ሠርግ ቀን ዝምታ ደጅ ጠንቼ የለመንኩት ነገር ነበር፤ ያን ሰዓት ግን ከዚያ ዝምታ የከፋ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። እመቤቴን አንዲት እልልታ ብቻ አሰሚኝ አልኳት፤ የማንም ትሁን፣ ትንሽም ትሁን።

ከኮረብታው ወዲያ፣ ከሩቅ፣ እንደ ክር ቀጥና መጣች። አንዲት እልልታ ናት፤ ረጅም፣ የማታልቅ። እንዲያ ያለ ትንፋሽ ያላት ሴት ባገሩ አንድ ናት። ሌሎቹ ተቀበሏት፤ ከጠባቡ መንገድ ባሻገር ካለው ሜዳ መሆኑን በአቅጣጫው አወቅሁ። ከዚያ እኔም ራሴን ሳላውቀው እልል አልኩ፤ ያለኝን ድምፅ ሁሉ አውጥቼ። ዳሱ ውስጥ የነበሩት ወጥተው አዩኝ። ባለቤቴ ዓይኑን እየጠረገ፣ «ዶሮዋን ማን ረገጣት?» አለ።

ነገሩን የሰማሁት ለመልስ ሲመጡ ነው። ጠባቡ መንገድ አፍ ላይ ሲደርሱ ሴቶቹ ዘፈን ሊያነሡ አሉ። እትዬ ዘውዴ የቦራን ጆሮ አዩ፤ እሳቸውን ለመስማት ወደ ኋላ አዙሮታል። ወዲያው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ሴቱን ሁሉ አስቆሙ። «ከዚህ እስከ ሜዳው የተነፈሰች የለችም» አሉ፤ የራሳቸውንም አፍ በነጠላቸው አሰሩት። ስመኝ በካባዋ ውስጥ ሆና የሰማችው የኮቴ ድምፅና የወንዙን ብቻ ነው፤ «ሁሉም ጥለውኝ የሄዱ መስሎኝ ነበር» አለችን። ቦራ እንደ በቅሎ እየረገጠ አለፈ። እትዬ ዘውዴ ሜዳው ላይ ሲደርሱ ነጠላቸውን ከአፋቸው ፈትተው የዋጡትን ሁሉ ለቀቁት። ያቺ ናት እኔ ዘንድ የደረሰችው። አያ ደምሴ ቤት ሲደርሱ ደግሞ የተቀበሏቸው ሴቶች ብዙ ስለነበሩ፣ ቦራ ከአንዷ ወደ አንዷ ገብስ እየለመነ፣ ሙሽራዋን ለማውረድ ጀንበር እስክታዘቀዝቅ ፈጀባቸው። በመልሱ ቀን እትዬ ዘውዴ ራሳቸው ገጥመው እንዲህ ብለው ዘፈኑ፤

እልልታ ሲሰማ ይበር የነበረ፣
ገብስ አቀመሱት መንኩሶ ቀረ።

አያ ደምሴ ጥቂት ተቀይመው ነበር፤ በሚቀጥለው ጥምቀት ሌሎቹ ፈረሶች ሲጋልቡ ቦራ ወደ ሴቶቹ ሄዶ ነጠላ ሲያሸት ዋለባቸው። «ፈረሴን ለማኝ አደረጋችሁት» ይሉን ነበር። ስመኝ የመጀመሪያ ልጇን አዝላ በሆዱ ሥር ጎንበስ ብላ ስታልፍ አይተው ግን ቅያሜውን ተዉት። እኔ ያን ባይ ኖሮ እጮህ ነበር፤ አልነገሩኝም፣ ደግ አደረጉ።

አሁን ቦራም፣ አያ ደምሴም፣ እትዬ ዘውዴም የሉም። ነፍሳቸውን ይማር። ኮረብታው መንገዱ ተቆርጦ ሰፍቷል፤ ባጃጅ ያልፍበታል። ህሊና የሄደችው ደግሞ በዚያ አይደለም፤ ባሏ ባሕር ዳር ስለሚሠራ በአስፋልቱ ቁልቁል ነው የወሰዷት። ሹፌሩን ከመነሣቱ በፊት ጠርቼ፣ ቀስ ብለህ ንዳ፣ ስልክ አታንሣ፣ ከጭነት መኪና ኋላ አትጠጋ አልኩት። «እማማ፣ አይዞዎት» አለኝ። ሁሉም የሚሉኝ ያንኑ ነው።

ማምሻውን ስልኬ ጮኸ። ስመኝ ከጎኔ ተቀምጣ ነበር።

«እምዬ፣ ደረስን» አለች ህሊና።

«የት ደረሳችሁ?»

«ባሕር ዳር። ሆቴል ገብተናል።»

ድምፅ እንዲሁ አይታመንም፤ ልጆች እናት እንዳታስብ ብለው መንገድ ላይ ሆነው ደረስን ይላሉ።

«እልል በይልኝ» አልኳት።

«እምዬ፣ እዚህ ሰው ይሰማል እኮ።»

«ይስማ።»

ስልኩ ውስጥ ሳቅ ተሰማ፤ አጃቢዎቿን የጠራች መሰለኝ። ከዚያ አንዲት እልልታ ተነሣች፤ ትንፋሿ አጭር ናት፣ እንደ እኔው ዶሮ ዶሮ ትላለች፤ ሌሎቹ ሲቀበሏት ግን ስልኩ አልበቃው ብሎ ጆሮዬን አሳከከው። ስመኝ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ ሰማችው። እስኪጨርሱ ጠበቅሁ።

«በቃ» አልኳት፤ «አሁን ደረሳችሁ።»